ተጠርታ ያልዞረችው

ምድር በሆዷ የሰወረችውን ጨው፣ ሰውም በዓይኑ ሥር የሰወረውን እንባ በአንድነት የሚያይ እግዚአብሔር፣ ለሁለቱም የሚወጡበትን ቀን ቀጥሮላቸዋል። ከቀጠሮው ቀድሞ የወጣ የለም፤ ከቀጠሮው የዘገየም የለም። በእኛ በጨው ቆፋሪዎች ከተማ የሆነውን ይህን ነገር ስተርክም፣ እርሱ ከእኔ አስቀድሞ እንዳወቀው አምኜ ነው፤ የጎደለውን እርሱ ይሙላው።

ከትንሣኤ በዓል በኋላ ባለው ሳምንት፣ ረቡዕ ማለዳ፣ ብሮኒስዋቫ በአስጎብኚዎች መልበሻ ክፍል ቆማ የደንብ ልብሷን የናስ ቁልፎች ትቆልፍ ነበር። ቁልፉን ከማይሆነው ቀዳዳ እያስገባች ደጋግማ ፈታችው። ሠርጓ ቅዳሜ ነው። ሙሽራው ቴዎፊል ግን ከሰኞ ጠዋት ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል።

«ኧረ ቀስ በይ፤ ኮቱን ትተሽ ቆዳሽን ልትቆልፊው ነው እንዴ?» አለቻት የሥራ ባልደረባዋ ጌኖቬፋ። «ወንድ ልጅ ሠርግ ሲደርስ ይጠፋል እኮ። የእኔው ጉድ በሠርጉ ዋዜማ ዓሣ አጠምዳለሁ ብሎ ወንዝ ወርዶ፣ እናቱ ናት በጆሮው ጎትታ ያመጣችው።»

«የባልሽ እናት ወዳንቺ ነው የጎተተችው» አለች ብሮኒስዋቫ። «የቴዎፊል እናት ግን ወዲያ ነው የሚጎትቱት።»



ነገሩ እንዲህ ነበር። ቴዎፊል በክራኮቭ ከተማ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ባለፈው መከር ተማሪዎቹን ይዞ ጥንታዊውን የጨው ማዕድን ሊጎበኝ መጥቶ፣ ተማሪዎቹ የጨዉን ግድግዳ ሲያዩ እርሱ የምታስጎበኛቸውን ልጅ ሲያይ ዋለ። ብሮኒስዋቫ የአናጢው የሂሮኒም ልጅ ናት፤ ወገኖቿ ከቅድመ አያት ጀምሮ ከምድር በታች የዋሻውን ምሰሶ ሲያቆሙ የኖሩ ናቸው። የእርሱ እናት ወይዘሮ ኤሌዮኖራ ደግሞ የታወቀ የክራኮቭ መድኃኒት ቀማሚ ልጅ፣ ፒያኖ በሚደመጥበት ቤት ያደጉ እመቤት ናቸው። ሆኖም በሁለቱ ፍቅረኞች መካከል የቆመው ዋናው ግድግዳ ፒያኖው አልነበረም። ባለቤታቸው መሐንዲስ ሉድቪክ የዚህችው ከተማ ልጅ ነበር፤ ከክራኮቭ አግብቷቸው በመጣ በሁለተኛው ዓመት፣ ውሃ ማዕድኑን ሰብሮ በገባበት ዕለት ከታች ቀረ። እርሳቸውም ሕፃኑን ቴዎፊልን ታቅፈው ከቀብሩ በማግስቱ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የከተማችን ስም በቤታቸው ተነሥቶ አያውቅም።

በእኛ ዘንድ ሙሽሮች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ የሙሽራው እናት ዳቦና ጨው ይዛ በደጃፍ ትቀበላቸዋለች። ሙሽሪት ዳቦውን ከጨዉ አጥቅሳ ሳትቀምስ ደጃፉን አትሻገርም። ወይዘሮ ኤሌዮኖራ ግን «የዚያን ጉድጓድ ጨው በእጄ አልይዝም» ብለው ቆረጡ። ሰኞ ጠዋት ቴዎፊል ይህንኑ ሊነግራት በማዕድኑ በር ቆሞ ጠበቃት፤ ከእናቱ ፈቃድ ውጪም ቢሆን እንዲጋቡ ለመናት።

«እናትህ በደጃፉ ካልቆሙ እኔ አልሻገረውም» አለችው። «የአንዲት መበለት አንድ ልጅ ሰርቄ ቤት አልሠራም። ሂድና እንደገና ለምናቸው።»

ወዲያው የተራዋ ደወል ተደወለ። እርሷም ወደ በሩ ሄደች። ከኋላዋ «ብሮንያ!» ብሎ ሁለት ጊዜ ሲጠራት ሰማች፤ ልቧ እየተመለሰ እግሯ ወረደ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አልመጣም፣ አልጻፈም፣ መልእክተኛም አልላከም። ለምን እንደ ሆነ ብታስብ ብታስብ አልገባትም፤ ያልገባት ነገርም እንደ እሾህ ወደ ውስጥ ዘለቀ።

ጎብኚዎቹ በመውረጃው በር ተሰብስበዋል። ከሁሉ ፊት የቆመው ኦኑፍሪ የተባለ ከታርኑፍ የመጣ ወፍራም ሥጋ ሻጭ ነበር፤ ሚስቱ ፔላጊያ በክንዱ ተንጠልጥላለች።

«እግዚአብሔር ያበርታችሁ» አለች ብሮኒስዋቫ፤ ከዚያ በር ወደ ታች ሌላ ሰላምታ የለምና።

«አንቺንም ያበርታሽ!» አለ ኦኑፍሪ። «እኔ የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅ ነው። ግድግዳውን መላስ ይፈቀዳል?»

«ይፈቀዳል ጌታዬ፤ ከእርስዎ በፊት የላሱትን ካላሰቡ።»

«ይላስ፣ ይላስ!» አለች ፔላጊያ። «ሾርባሽ ጨው አነሰው እያለ ነው ዕድሜዬን የጨረሰው። ዛሬ ይጥገብ!»

ሰዉ ሳቀ። ከሳቁ ውጪ የቆሙ አንዲት እመቤት ነበሩ፤ ግራጫ ካፖርት የለበሱ፣ ጥቁር ጓንት ያጠለቁ፣ ቀጥ ያሉ። ብሮኒስዋቫ ዓይኗ ሲያርፍባቸው ወዲያው አወቀቻቸው። ቴዎፊል አንድ ጊዜ ፎቶግራፋቸውን አሳይቷታል፤ ባያሳያትም ኖሮ ያ እንደ ልጃቸው ከቀኙ ከፍ ብሎ የተቀመጠ የግራ ቅንድብ ይነግራት ነበር። እርሳቸውም አዩዋት። አንዳቸውም ስም አልጠሩም።

ምን ሊሉ መጡ? ቴዎፊል ታሞ ይሆን? ወይስ «ልጄን ተይልኝ» ሊሉ? ሊሳደቡ ከሆነስ በዚህ ሁሉ እንግዳ ፊት? ብሮኒስዋቫ በእንጨቱ ደረጃ ስትወርድ ሁልጊዜ የምትናገረውን ትናገር ነበር፤ ምሰሶዎቹ በኖራ የተቀቡት ብርሃን እንዲመልሱ መሆኑን፣ ፈረሶች ከላይ ወርደው በጨለማ እየዞሩ ጨዉን የሚስብ መዘውር ያሽከረክሩ እንደ ነበር። አንደበቷ መንገዱን ያውቃልና ይሄዳል፤ ልቧ ግን ከኋላዋ በሚሰማው የአንዲት ሴት ጫማ ኮቴ ላይ ነበር።

በአንድ ማጠፊያ ላይ ያ ኮቴ አጠገቧ ደረሰ።

«ንገሪኝ እስቲ» አሉ እመቤቲቱ በዝቅታ። «እዚሁ ነው ተወልደሽ ያደግሽው?»

«አዎ እመቤቴ። አባቴም አያቴም እዚሁ።»

«እንግዲያው ሰው ጥሎ መሄድን ከጡት ጋር ጠብተሽዋል።»

ብሮኒስዋቫ ምን ማለታቸው እንደ ሆነ አልተረዳችም። ልትጠይቅ ስትል እርሳቸው ወደ ኋላ ቀርተዋል። የተወረወረባት ቃል ግን አብሯት ወረደ፤ እንደማያውቁት ሕመም፣ የት ጋር እንደሚያም ሳይታወቅ የሚያም ሆነ።

ከጨው የተፈለፈለው ጸሎት ቤት ሲደርሱ፣ የመቅረዙ የጨው ፍሬዎች በብርሃን ሲያበሩ ኦኑፍሪ እንኳ ባርኔጣውን አወለቀ። ወይዘሮ ኤሌዮኖራ ከበሩ አልፈው አልገቡም። ብሮኒስዋቫም በዚያ ቆማ ሌላ ፍርሃት ያዛት። መንገዱ ከጸሎት ቤቱ ወጥቶ በውሃው ግድብ አጠገብ ያልፋል። በግድቡ ላይ መስቀል አለ፤ ከመስቀሉ ሥር መብራት፤ ከመብራቱ ሥር በጨው ሰሌዳ የተቀረጸ የሉድቪክ ስም። በሌላ በኩል ማለፍ ትችል ነበር፤ «ዛሬ ተዘግቷል» ብትል ማን ይጠይቃታል? ነገር ግን ሰው ከሙታኑ ጋር እንዳይገናኝ መንገድ ማጣመም ነፍሷን ከበዳት። በልቧ አማትባ ወደ ግድቡ መራቻቸው።

«ውሃ የጨው ጠላት ነው» አለች። «አንድ ማለዳ ከዚህ ግንብ ጀርባ ሰብሮ ገባ። ከታች ሰዎች ነበሩ። መሐንዲስ ሉድቪክ ሥራው ከላይ፣ በቢሮ፣ ካርታ መሣል ነበር፤ የድሮውን መተላለፊያ የሚያውቀው ግን እርሱ ብቻ ስለ ነበር ከቤቱ ተጠራ። ሰዎቹን በዚያ በኩል መርቶ ወደ ላይ ሰደዳቸው። ሁሉን አስቀድሞ እርሱ ከኋላ ሲመጣ ውሃው ደረሰበት። በጸሎታችሁ አስቡት።»

ወደ እመቤቲቱ ማየት አልደፈረችም።

በዚህ መካከል ከላይ የእንጨት ሠራተኞች መጡ፤ ግንድ በትከሻቸው፣ መብራት በግንባራቸው። ከፊት የሚሄዱት አባቷ ሂሮኒም ነበሩ።

«እግዚአብሔር ያበርታ!» አሉ ወንዶቹ።

«እናንተንም ያበርታችሁ!»

የአባቷ ዓይን ፊቷን ነካ አድርጎ አለፈ። የልጃቸው እንቅልፍ ማጣት አልተሰወራቸውም፤ ቢሆንም አልቆሙም። ወደ ጥልቁ የሚያወርደውን መሰላል ተራ በተራ ያዙ።

«ደኅና ዋሉ ወዳጆቼ!» ብሎ ጮኸ ኦኑፍሪ። «በሰላም ተመለሱ! ኧረ እናንተ ሰዎች!»

አንድም አንገት አልዞረም።

«ምን ዓይነት ጉድ ነው!» አለ ኦኑፍሪ ቀይ ፊቱ ይበልጥ ቀልቶ። «እኛ ጋ ለእርድ የሚነዳ በሬ እንኳ ሲጠሩት ይዞራል!»

«አይቀየሙ ጌታዬ። ከፊት የሄደው አባቴ ነው።»

«አባትሽ? እና ላንቺም አይዞር?»

«ለእኔማ ጭራሽ አይዞርም።» ብሮኒስዋቫ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ፈገግ አለች። «ወደ ታች የሚወርድ ሰው አይሰናበትም፤ ቢጠሩትም ወደ ኋላ አያይም። የተሰናበተ ሰው መመለሱን ተጠራጥሯል ማለት ነው። ያልዞረ ግን ‘እመለሳለሁ፣ ምሳዬን አቆዩልኝ’ ማለቱ ነው። ሽማግሌዎቻችን ከሎጥ ሚስት ተማርነው ይላሉ። እርሷ ዞራ አይታ የጨው ሐውልት ሆና ቀረች፤ እኛ ደግሞ ውለን የምናድረው ጨው መካከል ነው።»

«ሚስቱ ብትጠራውስ?» አለች ፔላጊያ።

«ያን ጊዜማ ይብሳል። ለማይወዳት ዞሮ እጁን ቢያውለበልብ ምን ይከብደዋል? የሚወዳት ስትጠራው ግን አንገቱ እንዳይከዳው ጥርሱን ይነክሳል። እናቴ ነፍሷን ይማርና የአባቴን ጀርባ በመስኮት እያየች፣ ‘ዛሬ አንገቱ ግንድ ሆኗል፤ ትናንት ስለ ተቆጣሁት ይበልጥ ወዶኛል’ ትል ነበር።»

ፔላጊያ የባሏን አንገት በዓይኗ ለካች። «ያንተው ግንድ የሆነው በስብ ነው» አለችው።

ሁሉም ሲስቁ አንድ ድምፅ ከኋላ መጣ፤ የደረቀ፣ ከሩቅ የመጣ የሚመስል ድምፅ።

«ይህ ወግ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከአያቶቻችን አስቀድሞ ነው፣ እመቤቴ።»

«በቢሮ ለሚሠሩትም ጭምር?»

«ቢሮ የሚሄድ እንደ ማንኛውም ሰው ተሰናብቶ ይሄዳል። ወጉ ወደ ታች ለሚወርድ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው…» ወይዘሮ ኤሌዮኖራ የካፖርታቸውን ቁልፍ ጨበጡ። «በየቀኑ የመንገዱ ጥግ ላይ ዞሮ እጁን የሚያውለበልብ ሰው፣ አንድ ቀን እየተጠራ ሳይዞር ቢሄድ?»

«ያን ቀን ወደ ታች ተጠርቷል ማለት ነው። ሊመለስም በልቡ ምሏል ማለት ነው።»

ይህን ቃል ከአፏ አውጥታ ሳትጨርስ ብሮኒስዋቫ ራሷ ሰማችው። ሰኞ ጠዋት። የማዕድኑ በር። «ብሮንያ!» ብሎ ሁለት ጊዜ የጠራ ድምፅ። ቴዎፊል ያደገው በክራኮቭ ነው፤ አባቱ ሳይነግረው ሞተ፣ እናቱም ራሳቸው አላወቁም። እርሷስ? ዓሣ ስለ ውሃ ለማን ይናገራል? ለእርሷ መሐላ የነበረው ለእርሱ ፍርድ ሆኖ ወደ ቤቱ ይዞት ሄዷል! በግድቡ ድንጋይ ተደገፈች።

«ጨለማውን ታሳያላችሁ ተብሏል» አለ ኦኑፍሪ ምንም ሳይጠረጥር። «ለእሱም ጭምር ነው የከፈልነው፤ አጥፊው እንጂ!»

እውነቱን ነበር፤ ጥንት ቆፋሪው መብራቱ ሲጠፋበት ያየውን ጨለማ ጎብኚ ሁሉ በዚያ ቦታ ለጥቂት ጊዜ ያያል። ብሮኒስዋቫ ፋኖሷን አጠፋች፤ ማብሪያውንም አወረደች። ዓይን ቢከፈት ቢከደን አንድ የሆነበት ጨለማ ወደቀ። 

ጓንት ያጠለቀ እጅ እየዳሰሰ መጥቶ የእጇን አንጓ ያዘ።

«ጮኬ ነበር የጠራሁት» አሉ ወይዘሮ ኤሌዮኖራ በሹክሹክታ። «በዋዜማው ተጣልተን ነበር። ወደ ክራኮቭ መልሰኝ አልኩት፣ አይሆንም አለኝ። ጠዋት ሰው መጥቶ ሲጠራው ልጁን ታቅፌ ደጅ ወጣሁ። ሉድቪክ፣ ሉድቪክ አልኩ። መንገዱን ሁሉ ጠራሁት። አልዞረም። ተቀይሞኝ ሞተ ብዬ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እኔም የሞተ ሰው ተቀይሜ ኖርኩ።»

«እመቤቴ…»

«ቆይ። ሰኞ ማታ ልጄ መጣ። ‘ደስ ይበልሽ እማዬ፤ ጥላኝ ሄደች። ሁለቴ ጠራኋት፣ አልዞረችም’ አለኝ። ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር! ግን ያቺን ቃል ስሰማ፣ የኔን ዕጣ ለልጄ ያወረሰችው ማን ናት ብዬ ፊትሽን ለማየት መጣሁ። ልረግምሽ ነው የመጣሁት።»

«ሰምቼዋለሁ» አለች ብሮኒስዋቫ፤ እንባዋ በጨለማ ማንም ሳያየው ወረደ። «ሁለቱንም ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እስካሁን አንገቴን ያመኛል።»

«አንገትሽን?»

«ላለመዞር።»

የያዛት እጅ ጠበቀ። ልቅሶ ይሁን ሳቅ ያልለየ ትንፋሽ ተሰማት።

«አብሪው፣ ይበቃል!» አለ የኦኑፍሪ ድምፅ። «ፔላጊያ ክንዴን ሰበረችው!»

«የያዝከኝ አንተ ነህ፣ አንተ ፈሪ!»

ብርሃኑ ሲመለስ እጁ ከአንጓዋ ላይ አልነበረም። ወይዘሮ ኤሌዮኖራ ፊታቸውን ወደ ግድቡ አዙረው፣ ጓንታቸውን አውልቀው፣ መዳፋቸውን ከባላቸው ስም ላይ አኑረው ቆመዋል። ጣታቸውን ወደ ከንፈራቸው አስጠጉ። ያ ጨው ከሰሌዳው ይሁን ከጉንጫቸው የሚያውቅ እርሱ አንድዬ ነው።

ከዚያ በኋላ እስከ መውጫው ድረስ ከሁሉም ኋላ ነበር የሄዱት። ብሮኒስዋቫም በአሳንሰሩ ውስጥ በሰው መካከል ተጨናንቃ ስትወጣ፣ ከቀድሞው የባሰ ጭንቀት ጨመደዳት። አንዲት መበለት ከሟች ባሏ ጋር ስለ ታረቀች ልጇን ለዚሁ ጉድጓድ ሕዝብ ትሰጣለችን? ይቅር ያሉት ሉድቪክን ነው፤ ማዕድኑንስ? «የሞተውን መለስሽልኝ፤ የቀረኝን ግን አትንኪብኝ» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? ደግሞስ ቴዎፊል አሁን የት ነው? ማን ይነግረዋል?

በደጁ ላይ ቆማ እንግዶቿን ሸኘች።

«እኛ ወደ ላይ ነው የምንሄደው፣ ስለዚህ መሰናበት ይፈቀድልናል አይደል?» አለ ኦኑፍሪ። «ደኅና ሁኚ ልጄ!» አለና አሥር እርምጃ ሄዶ፣ ሆን ብሎ ዞሮ ባርኔጣውን አውለበለበ። ፔላጊያም በክርኗ ጎሸመችው።

ሰዉ ተበትኖ ካለቀ በኋላ ወይዘሮ ኤሌዮኖራ ከበሩ አጠገብ ካለችው ትንሽ ሱቅ ወጡ። ጓንት በሌለበት መዳፋቸው ለጎብኚ የሚሸጠውን የበፍታ ከረጢት ይዘዋል፤ የማዕድኑ ጨው ያለበትን። የብሮኒስዋቫ ልብ ዘለለ፤ ከዚያም ፈራ። መታሰቢያ ቢሆንስ? ከመቃብር አፈር እንደሚወስድ ሰው ቢሆንስ? እመቤቲቱ በፊቷ አለፉ፤ አላዩዋትም። ወደ ባቡር ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ቀጥ ብለው ሄዱ።

ልትታገሥ ሞከረች። አልቻለችም።

«ወይዘሮ ኤሌዮኖራ!» ብላ ጠራች፤ ቀኑን ሙሉ ያልተጠራው ስም በአደባባይ ወጣ።

ግራጫው ካፖርት ቆመ። የቀኝ ትከሻቸው ጥቂት ሊዞር ጀመረ፤ የባርኔጣቸውም ጠርዝ ተነቃነቀ። ከዚያ በእጃቸው ያለውን ከረጢት በደረታቸው ላይ አስጠጉት፤ አንገታቸውን እንደ ግንድ አቀኑ፤ ሳይዞሩ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ጌኖቬፋ ከበሩ ላይ ሆና ታይ ነበር። «ምን ዓይነት ሴት ናት በእናትሽ! ስትጠራ ትሰማለች፣ አትዞርም? ደኅና ዋይ እንኳ የለም?»

«ዝም በይ ጌንያ» አለች ብሮኒስዋቫ፤ ሁለት እጇን በአፏ ላይ አድርጋ። «አላሉም እኮ! አልተሰናበቱም!»

ጌኖቬፋ የዚህች ከተማ ልጅ ናት። የሚርቀውን ጀርባ አየች፤ የጓደኛዋን ፊት አየች፤ ቀስ ብላም አማተበች።

«የቴዎፊል እናት ከክራኮቭ አይደሉም እንዴ?» አለች በዝግታ። «ይህን ማን አስተማራቸው?»

ከሰኞ ጀምሮ በብሮኒስዋቫ ደረት ላይ ተጭኖ የነበረው ድንጋይ ገና አልወረደም፤ ነገር ግን ጨው መሆኑን አወቀች፤ ጨው ደግሞ በእንባ ይሟሟል። መንገዱ ላይ ማንም እስኪጠፋ ድረስ ቆማ፣ ቅዳሜ በደጃፉ ሊቆም የማለውን ያንን ያልዞረ አንገት አየችው፤ በሕይወቷም ሙሉ ከዚያ የበለጠ የሚወድ ፊት ያየች አልመሰላትም።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ማለዳ ከደጃችሁ የሚወጡትን ሁሉ ማታ ወደ ማዕዳችሁ የሚመልስ አምላክ ቤታችሁን ይጠብቅ። ዳቦአችሁ ጨው፣ ደጃፋችሁም ተቀባይ አይጣ። ያልዞረላችሁ ሰው ቢኖር፣ በልቡ ይዞት የሄደውን ፍቅር ሁለታችሁም በሕይወት ሳላችሁ ይግለጥላችሁ። አሜን።